ጅማ ላይ የመንግሥት ቅድመ አንደኛ፦ ምን አማራጭ አለ? ጥሩውንስ በምን እንለየው?

የሄርማታዋ እናት

ሰላም ለሁላችሁም። ልጄ በመጪው መስከረም 5 ዓመት ይሞላታል። የግል ኬጂ ከአቅማችን በላይ ስለሆነ የመንግሥት ልናስገባት ወስነናል። ግን የምንሰማው ሁሉ የተለያየ ነው። አንዱ «ዜሮ ክፍል» ይለናል፣ ሌላው «ቡኡራ ቦሩ አለላችሁ» ይለናል፣ «ምን አስቸኮላችሁ፣ 7 ሲሞላት አንደኛ ክፍል ትገባለች» የሚለንም አለ።

ቤት ውስጥ የምንናገረው አማርኛ ነው። ከሰፈር ልጆች ጋር ስትጫወት ኦሮምኛ ትሰማለች፣ ጥቂት ጥቂት ትመልሳለችም። በየትኛው ብትጀምር ይሻላታል? ትምህርት ቤቱ በደንብ የሚያስተምር መሆኑን ሳላስመዘግባት በፊት በምን ላውቅ? ውጤታቸውስ የሚታየው በፈተና ነው? ለምዝገባ ምን ምን ይዤ ልሂድ? እኔም አባቷም እስከ 11 ሰዓት ሥራ ላይ ነን፤ ግማሽ ቀን ብቻ የሚማሩ ከሆነ እሱም ሌላ ራስ ምታት ነው። የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩኝ ውለታችሁ አይረሳኝም።

ጠመኔ

እህቴ፣ መጀመሪያ ስሞቹን እንለያቸው። በ2015 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን የሁለት ዓመት አድርጎታል፤ ለ5 እና ለ6 ዓመት ልጆች። አንደኛ ክፍል በ7 ዓመት ይጀመራል። ልጅሽ በመስከረም ብትገባ ሁለቱንም ዓመት ሙሉ ታገኛለች። ዜሮ ክፍል ከዚህ ቀደም ብሎ የመጣ ነው። በ2002 የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ ሲወጣ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየግቢያቸው ለ6 ዓመት ልጆች የአንድ ዓመት ክፍል እንዲከፍቱ ተደረገ። ስሙ ሰው አፍ ላይ ስለቀረ ሁለት ዓመት የሚያስተምሩትንም ዛሬ ዜሮ ክፍል እንላቸዋለን። ቡኡራ ቦሩ ደግሞ የኦሮሚያ ክልል ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሕዝብ ተሳትፎ ያስገነባቸው፣ ለቅድመ አንደኛ ተብለው የተሠሩ ትምህርት ቤቶች ናቸው።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግቢው ላይ ይታያል። ዜሮ ክፍል ከትልልቆቹ ጋር አንድ ግቢ ነው። ብዙ ጊዜ መቀመጫውም፣ ሽንት ቤቱም፣ የዕረፍት ሰዓቱም የእነሱ ነው። ለብቻ የተሠራው ቅድመ አንደኛ ላይ ይህ ችግር ይቀንሳል። ግን አዲስ ሕንፃ አዲስ መምህርት ማለት አይደለም። ቀለሙ ያማረ፣ ግድግዳው በሥዕል የተሞላ ክፍል ውስጥ ልጆቹ ከጠዋት እስከ ቀትር ሰሌዳ ሲገለብጡ ልታገኚ ትችያለሽ። ደሳሳ ዜሮ ክፍል ውስጥም ግሩም የምታስተምር አለች።

«7 ሲሞላት» የሚሉሽን አትስሚያቸው። አንደኛ ክፍል መምህሩ ብዙዎቹ ልጆች ፊደል እንደቆጠሩ አድርጎ ነው የሚነሳው። እርሳስ ይዛ የማታውቅ ልጅ በዚያ ፍጥነት መሐል ከገባች በመጀመሪያዎቹ ወራት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ የሚመለስላት ደግሞ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ትምህርት ሳይዘጋ፣ ከሰኔ በፊት፣ ርዕሰ መምህሩን አስፈቅደሽ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ሂጂና ክፍሉ በር ላይ ግማሽ ሰዓት ቁሚ። ምዝገባ ሰሞን ብትሄጂ የምታዪው ጽሕፈት ቤቱን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ልጆቹን ቁጠሪ። ለአንዲት መምህርት 30 ልጅ ከሆነ ደህና ነው። ረዳት ካለች 40ም ይሄዳል። ከ50 ካለፈና ረዳት ከሌለ መምህርቷ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆን የእያንዳንዱን ልጅ እጅ ማየት አትችልም፤ የሚቀራት በኅብረት ማስጮህ ነው። 50 ለአንደኛ ደረጃ በአገር አቀፍ ደረጃ የተቀመጠ መለኪያ ነው፤ ለ5 ዓመት ልጅ ግን ብዙ ነው። ታላላቆቻቸውን ተከትለው የመጡ የ3 እና የ4 ዓመት ሕፃናት መሐላቸው ካሉ እነሱንም ቁጠሪ። እነሱን ማባበል ብቻውን የመምህርቷን ግማሽ ቀን ይወስዳል።

ቀጥሎ ፊደሉን እዪ። ልጆቹ ገበታውን እየተከተሉ «ሀ ሁ ሂ ሃ» ሲሉ ሁሉም ጎበዝ ይመስላሉ። መምህርቷ ከመሐል አንዱን፣ ለምሳሌ «ሞ»ን ስትጠቁም የሚሆነውን ተመልከቺ። ልጁ «መ ሙ ሚ ማ...» ብሎ ከመነሻው ተነሥቶ እስኪደርስበት ከዘመረ ፊደሉን አላወቀውም፤ ዜማውን ነው የያዘው። በ33 ቤት 7 ቅርጽ፣ 231 ፊደል በዜማ ማስያዝ የአንድ ወር ሥራ ነው፤ መለየት ግን ሌላ ነገር ነው። በደንብ የምታስተምር መምህርት ከካርቶን የተቆረጡ ፊደላት ይኖሯታል፤ ትበታትናቸዋለች፣ ሁለት ከሚታወቀው አንድ ከአዲሱ አድርጋ ታሳያለች፣ ከልጁ የራሱ ስም ትነሣለች።

ቁጥርም እንደዚሁ ነው። እስከ 100 መቁጠር ዜማ ነው። 7 ቆርኪ ፊቱ ደርድረሽለት ቆጥሮ ከጨረሰ በኋላ «ስንት ናቸው?» ብትዪው፣ «ሰባት» ካለ ገብቶታል፤ እንደገና ከአንድ ከጀመረ ገና ነው። ቆርኪዎቹን አራርቀሽ ዘርግተሽ ደግመሽ ጠይቂው። «በዙ» ካለም ገና ነው። ይሄ ለ5 ዓመት ልጅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ መምህርቷ ግን ይህን እየለየች መሥራት አለባት።

ደብተሮቹንም ገልጠሽ እዪ። ገጹ በሙሉ «ሀ ሀ ሀ ሀ» ተብሎ የተሞላ ከሆነ፣ ያውም በመስመር ውስጥ፣ ጣታቸው ሳይጠነክር እርሳስ አስጨብጠዋቸዋል ማለት ነው። እርሳሱን በጭብጥ የሚይዝ ልጅ ያን ልማድ ለመተው ይቸገራል። ከዚያ በፊት ጭቃ ማድቦልቦል፣ ወረቀት መቅደድ፣ ዶቃ መሰካት፣ አሸዋ ላይ በጣት መጻፍ ይቀድማል። ጠመኔ ሲሰጣቸው የአውራ ጣት ጫፍ በምታህል ቁራጭ ቢሆን ይመረጣል፤ አጭር ስለሆነች በጭብጥ አትያዝም፣ በሦስት ጣት ብቻ ነው የምትያዘው።

ርዕሰ መምህሩን አንድ ጥያቄ ብቻ የመጠየቅ ዕድል ቢኖርሽ ይሄን ጠይቂ፦ «ባለፈው ዓመት የቅድመ አንደኛዋ መምህርት ከመስከረም እስከ ሰኔ አንድ ሰው ነበረች?» ሌላ ክፍል መምህር ሲቀር በመጀመሪያ የሚነሣው የትንንሾቹ መምህር ነው። ዓመቱን ሙሉ ሳትነሣ የምታስተምር ካለች፣ ያውም በቅድመ አንደኛ የሠለጠነች ከሆነች፣ ሌላው ጉድለት ይቻላል። መምህራን ትምህርት ኮሌጅ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ስላለ የሠለጠነ ሰው መጠየቅ የማይገባ ቅንጦት አይደለም።

ሁለት ፊደል

ስለ ቋንቋው ልመልስ። ለእርስዎ ቤት ትልቁ ውሳኔ እሱ ይመስለኛል።

በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዋናው የማስተማሪያ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ የአማርኛ ክፍል ያላቸውም አሉ። ከመምረጥዎ በፊት የሚጠይቁት ቅድመ አንደኛው በምን ቋንቋ እንደሆነ ብቻ አይሁን። ልጅቱ ከዚያ የምትገባበት አንደኛ ደረጃ የአማርኛ ክፍሉን እስከ ስንተኛ ይዞ እንደሚዘልቅ ይጠይቁ። በአማርኛ ጀምራ በአቅራቢያው የአማርኛ አንደኛ ክፍል ካጣች፣ ሁለት ዓመት የለፋችበትን ፊደል ትታ በማታውቀው ቋንቋና ፊደል እንደ አዲስ ትጀምራለች። ከሁሉ የሚጎዳው ይህ መሐል ላይ መሻገር ነው።

የአማርኛው መስመር ሳይቋረጥ የሚዘልቅ ከሆነና ቅርብ ከሆነ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ብትጀምር ንባብ ቶሎ ይይዛታል። የማይዘልቅ ከሆነ ከመጀመሪያው በአፋን ኦሮሞ ቢያስጀምሯት ይሻላል። ከሰፈር ልጆች የሰማችው ትልቅ ስንቅ ነው። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ሁለት ዓመት ቋንቋውን ለመልመድ በቂ ነው።

ሁለተኛውን ከመረጡ ሦስት ነገር አስቀድመው ይወቁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ክፍል ውስጥ ዝም ልትል ትችላለች። እየሰማች ነው፤ መስማት ከመናገር ይቀድማል። «ተነሡ»፣ «አምጡ»፣ «ዝጉ» ሲባል ከሌሎቹ እኩል የምትንቀሳቀስ ከሆነ ነገሩ ደህና ነው። መምህርቷ ዝምታዋን እንደ ድክመት እንዳትቆጥረው ገና ሲያስመዘግቡ የቤት ቋንቋዋ አማርኛ መሆኑን ይንገሯት።

እቤት አማርኛውን አይተዉ። ወላጅ በተሰባበረ ኦሮምኛ ልርዳት ሲል ልጅቱ ሁለቱንም ቋንቋ በጎዶሎ ትሰማለች። ተረቱንም፣ እንቆቅልሹንም፣ ወጉንም በደንብ በሚያውቁት ቋንቋ ያውሯት። ሐሳብን በቅደም ተከተል መናገር በአንዱ ከተያዘ ወደ ሌላው ይሻገራል።

ሦስተኛው ብዙ ወላጅ የሚስተው ነው፦ ቁቤን፣ ማለትም የአፋን ኦሮሞን ፊደል፣ በእንግሊዝኛ ድምፅ ማስጠናት። ፊደሎቹ ላቲን ስለሆኑ ብዙ ቤት «ኤ ቢ ሲ ዲ» እየተባለ ይዘመራል፤ ልጁም ክፍል ገብቶ ይደናገራል። በእንግሊዝኛ ሲ ብለን የምንጠራው ፊደል በቁቤ የ«ጨ» ድምፅ ነው። ኤክስ የምንለው «ጠ» ነው፣ ኪው የምንለው «ቀ» ነው። ፒና ኤች ተጣምረው «ጰ» ይሆናሉ፤ ዲና ኤች ሲጣመሩ የሚሰጡት «ዸ» ደግሞ በአማርኛ የለም፤ ከሚናገር ሰው አፍ ነው የሚያዘው። አናባቢዎቹም ያሳስታሉ። በእንግሊዝኛ «ኢ» የሚባለው ፊደል በቁቤ «ኤ» ነው፣ «አይ» የሚባለው ደግሞ «ኢ»። ስለዚህ የፊደሉን የእንግሊዝኛ ስም ይተዉትና ድምፁን ብቻ ያስጠኗት። እንግሊዝኛው በራሱ ጊዜ፣ አንደኛ ክፍል ላይ ይመጣል።

አናባቢ ሲደገም ድምፁ ይረዝማል፣ ትርጉሙም ይለወጣል። አጭሩ «ለፈ» መሬት ነው፤ ረጅሙ «ላፋ» ለስላሳ ወይም ደካማ ነው። መምህርቷ ይህን በማጨብጨብ ወይም እጅ በመዘርጋት የምታሳይ ከሆነ ሥራዋን ታውቃለች። ልጁ አጭሩንና ረጅሙን በጆሮው ካልለየ፣ አንደኛ ክፍል ላይ ሲጽፍ አንዱን ፊደል ይዘላል፤ እስከ ሦስተኛና አራተኛ ክፍልም ይከተለዋል።

የወላጅ ኮሚቴ፣ ጊንጆ

ስለ ምዝገባውና ስለ ግማሽ ቀኑ።

ምዝገባ በክረምቱ ነው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ይለጥፋል፤ ጳጉሜን ድረስ ግን አትጠብቂ። ቅርብ ያለና ጥሩ ስም ያለው ትምህርት ቤት ቀድሞ ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሩቅ ወዳለው ይላካል። የልጅቷን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የአንዳችሁን መታወቂያ፣ የክትባት ካርዷንና ጉርድ ፎቶ ያዢ። ሁሉንም ኮፒ አድርጊና ዋናውን እዚያው አትተዪ። የልደት ምስክር ወረቀት ካላወጣችሁ ዛሬ ቀበሌ ሂዱ። በወቅቱ ላልተመዘገበ ልደት ተጨማሪ ማስረጃ ስለሚጠይቁ ሂደቱ ይረዝማል፤ ነሐሴ ላይ ደግሞ ወረፋው አያድርስ ነው። ፎርሙ ላይ ልጅቷን የሚወስዱ ሰዎች ስም የሚጻፍበት ቦታ ከሌለ፣ ራስሽ በወረቀት ጽፈሽ ለመምህርቷ ስጫት፤ ከአንድ ሰው በላይ ይሁን።

ክፍያን በተመለከተ፣ የመንግሥት ቅድመ አንደኛ የትምህርት ክፍያ የለውም። የሚጠየቀው ወላጆች በስብሰባ የተስማሙበት መዋጮ ነው፤ ለጥበቃ፣ ለረዳት፣ ለጽዳት። ይህ በቃለ ጉባኤ የተያዘ መሆን አለበት፣ ለከፈልሽውም ደረሰኝ ይሰጥሻል። ቃለ ጉባኤውን ልየው ማለት መብትሽ ነው፤ ማንም ሊቆጣሽ አይገባም። ደብተር፣ እርሳስ፣ ዩኒፎርም ከቤት ነው። ምገባ ያለበት ትምህርት ቤት ከሆነ ቅድመ አንደኛን ይጨምር እንደሆነ ለይተሽ ጠይቂ። «ትምህርት ቤቱ ይመግባል» ሲሉሽ ትልልቆቹን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሰዓቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱ ኃላፊነት አይወስድም። እንደ እናንተ ሁለታችሁም ለምትሠሩ ሦስት ነገር ይታሰባል። አንደኛው፣ አንድ ክፍል ልጆች ያሏችሁ ሦስት አራት ቤቶች ተስማምታችሁ እቤት ለምትውል አንዲት እናት ወይም አያት እየከፈላችሁ ከ6 እስከ 11 ሰዓት እንድትይዝላችሁ ማድረግ ነው። ይሄ የሚፈርሰው ገንዘቡና የምሳው ነገር አስቀድሞ ካልተወሰነ ነው፤ ምሳ ከየቤቱ በምሳ ዕቃ ቢሄድ ጭቅጭቅ ይቀራል። ሁለተኛው፣ መሥሪያ ቤታችሁ የሕፃናት ማቆያ ካለው መጠየቅ ነው። ሦስተኛው ቁርአን ቤት ወይም ቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ እንደ እምነታችሁ። ከሰዓት የሚቀበሉ አሉ። ለልጆቹ ማዳመጥን፣ በቃል መያዝን፣ ታላቅን ማክበርን በደንብ ያወርሷቸዋል። ለ5 ዓመት ልጅ ግን ጠዋትም ከሰዓትም ተቀምጦ መዋል ይከብዳል፣ መሐል ላይ እንቅልፍ ያስፈልጋታል።

የኮንትራት ባጃጅ ከያዛችሁ ስንት ልጅ እንደሚጭን በዓይናችሁ እዩ። ሾፌሩ አጠገብ ልጅ የሚያስቀምጥ ከሆነ ተዉት። የጅማን ዝናብ አትርሱ፤ መስከረምና ግንቦት ላይ ጠዋትም ከሰዓትም ይመጣል። የጎን ሸራ የሌለው ባጃጅ ልጅቷን አርጥቧት ይደርሳል፣ እርጥብ ልብስ ለብሳ 6 ሰዓት ድረስ ትቀመጣለች። ቦርሳዋ ውስጥ ቅያሪ ሱሪና ካልሲ በፌስታል ጠቅልለሽ ሁልጊዜ አስቀምጪላት።

ጤና ኤክስቴንሽን

ሰው የማያየው ሽንት ቤቱን ነው። ለትልልቆቹ የተሠራ መቀመጫ ቀዳዳው ለ5 ዓመት ልጅ ሰፊ ነው፤ ልጁ እወድቃለሁ ብሎ ይፈራል። ስለፈራ ይይዛል፤ ስለያዘ ሆዱ ይደርቃል ወይም ልብሱ ላይ ያመልጠዋል፤ ከዚያ ጓደኞቹ ስለሳቁበት «ትምህርት ቤት አልሄድም» ይላል። ወላጁ መምህርቷ መታችው እንዴ ብሎ ይጨነቃል። ስለዚህ ለትንንሾቹ የተለየ ሽንት ቤት መኖሩን፣ በሩ ከውስጥ እንዳይቆለፍባቸው መሆኑን፣ ረዳቷ አብራቸው መሄዷን እዩ። የእጅ መታጠቢያ ቧንቧው የልጁ ወገብ አካባቢ ካልሆነ ውኃው በክንዱ ወደ ብብቱ ነው የሚወርድ፤ ሳይታጠብ ይመለሳል። ሳሙናው በመረብ ታስሮ ከቧንቧው ካልተንጠለጠለ አንድ ሳምንት አይቆይም።

የሆድ ትላትል በእኛ አካባቢ የተለመደ ነው። እስከ 5 ዓመቷ ድረስ በየ6 ወሩ የሚሰጣትን የትላትል መድኃኒትና ቫይታሚን ኤ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ አስጨርሷት። ክትባት ካርዷ ላይ የኩፍኝ ሁለተኛው ዙር፣ የ15 ወሩ፣ መሰጠቱን እዩ። 9 ወሯ ላይ ወስደው «ጨረስን» ብለው የቀሩ ብዙ ናቸው። ኩፍኝ ክፍል ውስጥ ከገባ ያልተከተበ ልጅ አያመልጥም።

መቁጠሪያን በተመለከተ፦ ባቄላ፣ ሽምብራና የቡና ፍሬ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይገባሉ። ውስጥ ገብተው እርጥበት ሲያገኙ ያብጣሉ፤ እቤት ለማውጣት የሚሞክር ደግሞ ወደ ውስጥ ይገፋቸዋል። ቆርኪና ትልልቅ ጠጠር ይሻላል። ልጅቷ ከኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ ስትጠሯት የማትዞር ከሆነ፣ ወይም ሥዕል ለማየት ዓይኗን የምታጠብብ ከሆነ ከመስከረም በፊት አስመርምሯት። በ50 ልጅ መሐል መምህርቷ ይህን የምታስተውለው ዘግይታ ነው።

የሄርማታዋ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ገባኝ። አሁን ምርጫዬ ሁለት ላይ ደርሷል። በእግር የሚደረስበት ዜሮ ክፍል 58 ልጅ በአንዲት መምህርት፣ ረዳት የለም። መምህርቷ ግን የሠለጠነች ናት፣ ዓመቱን ሙሉም አልተቀየረችም። ከአዌቱ ወንዝ ማዶ ያለው ቡኡራ ቦሩ 36 ልጅና ረዳት አለው፤ በባጃጅ ነው የምትመላለሰው። ሁለቱም አፋን ኦሮሞ ናቸው፤ የአማርኛው መስመር እኛ አካባቢ እንደማይዘልቅ አረጋግጫለሁ። የትኛው ይሻላል? የውጤቱም ጥያቄ ገና አልተመለሰልኝም።

ጠመኔ

ከውጤቱ ልጀምር። ቅድመ አንደኛ ላይ ፈተናና ደረጃ ሊኖር አይገባም። «ከክፍሉ 3ኛ ወጣች» የሚል ካርድ የሚሰጥ ካለ፣ ካርዱ ልጅቷ ምን እንደምትችል አይነግርሽም። የምትፈልጊው መምህርቷ በየልጁ የምትይዘው መዝገብ ነው፦ ስሟን ትጽፋለች? የሰማችውን ተረት ከመነሻ እስከ መጨረሻ ትመልሳለች? ሁለት ትእዛዝ ተከትላ ትፈጽማለች? ተራዋን ትጠብቃለች? 10 ነገር ቆጥራ ስንት እንደሆነ ትናገራለች? ለብቻዋ ትጸዳዳለች? ይህ መስከረም፣ ጥርና ሰኔ ላይ የተሞላ ከሆነ ውጤት ማለት እሱ ነው።

ትምህርት ቤቱን ራሱን ለመመዘን ግን ቅድመ አንደኛውን ትተሽ 2ኛ ክፍልን እዪ። በ2002 በስድስት ቋንቋዎች የተደረገው አገር አቀፍ የንባብ ምዘና እንዳሳየው ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሲሦ ያህሉ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩን «የ2ኛ ክፍል ልጆቻችሁ ያነባሉ? ከ1ኛ ክፍል ስንቶቹ አቋረጡ?» በዪው። ቁጥሩን መዝገብ ገልጦ የሚነግርሽ ይበልጣል፤ «ደህና ናቸው» ብሎ የሚያልፍሽን ተጠራጠሪ። የልጅሽ ቅድመ አንደኛ ጥሩ ሆኖ ቀጥሎ የምትገባበት አንደኛ ክፍል 80 ልጅ የታጨቀበት ከሆነ ያገኘችው ቶሎ ይጠፋል። የቡኡራ ቦሩው ልጆች የትኛው አንደኛ ደረጃ እንደሚመደቡ ጠይቂ። ተመልሰው እዚያው ባለ 58 ልጁ ግቢ የሚገቡ ከሆነ አሁኑኑ ብታውቂው ይሻላል።

ወደ ምርጫሽ ስመጣ፣ የባጃጁን ገንዘብ ከመስከረም እስከ ሰኔ ለአሥር ወር መክፈል የምትችሉ ከሆነ 36 ልጅና ረዳት ያለው ይሻላል። መጋቢት ላይ ብር አጥሮ የሚቋረጥ ከሆነ ግን ቅርቡ ይሻላል። በሳምንት ሁለት ቀን የምትቀር ልጅ ከየትኛውም ጥሩ ክፍል ብዙ አታገኝም፤ በየተመለሰች ቁጥር እንደ አዲስ ገቢ ነው የምትጀምረው።

ቅርቡን ከያዝሽ የ58ቱ ችግር ረዳት በመቅጠር ይቀላል። መምህርቷ የሠለጠነች ስለሆነች የሚጎድላት እጅ ነው። 58 ቤት በወር 50 ብር ቢያወጣ 2,900 ብር ይሆናል። ለግማሽ ቀን ረዳት መነሻ ይሆናል፤ የማይችሉ ቤቶች እንደሚኖሩ አስባችሁ ግን ወደ 45 ቤት አድርጋችሁ አስሉት። ረዳቷ የምትሠራው ተለይቶ ይጻፍ፦ ልጆቹን ሽንት ቤት ማድረስ፣ ግማሹን ቡድን ውጭ ማጫወት፣ ቁሳቁስ ማዘጋጀት። ይህ ካልተጻፈ ጽሕፈት ቤት ቡና ስታፈላ ትገኛለች። ረዳቷ 29ኙን ውጭ ይዛ ስታጫውት መምህርቷ ከቀሩት 29 ጋር ምንጣፍ ላይ ፊደል ትሠራለች፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይቀያየራሉ። ዝናብ የጣለ ቀን ውጭ ስለማይቻል መጠለያ ያለው በረንዳ ወይም ባዶ ክፍል ከወዲሁ መታየት አለበት።

ሐሳቡን ይዘሽ ለብቻሽ ወደ ርዕሰ መምህሩ አትሂጂ። አምስት ስድስት ወላጅ ሆናችሁ ከመምህርቷ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ እሷ ካልፈለገች ረዳቷ አትቆይም። ከዚያ ወላጅ መምህር ኅብረቱ በመስከረም የመጀመሪያ ስብሰባው አጀንዳ እንዲያደርገው ነሐሴ ላይ በጽሑፍ አስገቡ። ጥቅምት ካለፈ ወላጅ ለስብሰባ አይወጣም፤ ቡና ለቀማ ይጀመራል።